ጋሼን ካካ ያለችው ልጅ

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ለንደን ውስጥ ከካሌዶኒያን ሮድ ገባ ብሎ ባለው የመንግሥት ቤቶች ሰፈር፣ በእስቴቱ ሆል ውስጥ አፍጋኒስታን ትድን ነበር። ጠዋት ትጀምራለች፣ ለምሳ ድና ታልቃለች። መሣሪያው ሙጫ፣ መቀስና የሚያብለጨልጭ ዱቄት ነው። ጦርነትና ስደት ያጠፉትን ሁሉ የእስቴቱ ልጆች ቁጭ ብለው ከካርቶን ይቆርጡታል፣ ሰማያዊ ይቀቡታል፣ ከዚያ ብስኩታቸውን በልተው ወደየቤታቸው ይበተናሉ። የተረፈውን አፍጋኒስታን ከማለዲን በመጥረጊያ ሰብስቦ ቢን ውስጥ ይከተዋል።

ከማለዲን የሆሉ ኬርቴከር ነው። በሩን የሚከፍት እሱ፣ ማሞቂያውን የሚያበራ እሱ፣ ማን ምን ቀን ሆሉን ቡክ እንዳደረገ የሚያውቅም እሱ ነው። ሰውየው ሲበዛ ኩሩ ነው። በወጣትነቱ ሱዳንን አቋርጦ የመጣ፣ ጡረታ እስኪወጣ የለንደንን አውቶብስ የነዳ፣ ከኪልበርን እስከ ክሮይደን ያለ ሐበሻ ሁሉ ጋሼ የሚለው ሰው ነው። ጋሼ ካልተባለ ጆሮው አይሰማም። አንዴ አንድ ጎረምሳ መስጊድ በር ላይ "ከማል፣ ስንት ሰዓት ነው?" ቢለው፣ "ለጋሽ ከማለዲን ስድስት ሰዓት ነው፤ ላንተ ገና አልነጋልህም" ብሎት ገባ። ይሄንን እሱ ራሱ እየሳቀ ያወራዋል፤ ሰውም ለክብሩ ሲል አብሮት ይስቃል።

ይህን ኩሩ ሰው ያቃጠለው ቤንጃሚን የሚባለው የዚህ የአፍጋን ቅርስ ማዳኛ ፕሮጀክት ኃላፊ ነው። ቤንጃሚን ሎጋ እንግሊዝ ነው፤ ጢሙን አሳድጎ፣ የአፍጋኖችን የሱፍ ቆብ በክረምትም በበጋም ደፍቶ ይዞራል። ሰው ሲያገኝ እጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ አንገቱን ይሰብራል፤ እንደ ወገኖቹ "ሃሎ" ማለት ነውር ሆኖበት። ስለ አፍጋኒስታን ሲናገር ዓይኑን ይጨፍናል። አገሪቱን ያየው ግን፣ አንድ ቀን አምልጦት እንደተናገረው፣ ከአውሮፕላን ጣቢያ እስከ ሆቴሉ፣ ከሆቴሉ እስከ አውሮፕላን ጣቢያ ነው።

"ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ይሄኛው ግን ቁርበቱን ራሱ ተሸክሞ ነው የመጣው" ይላል ከማለዲን።

ይባስ ብሎ "ከማል፣ ወዳጄ!" እያለ ይጠራዋል። ስሙን ለሁለት ገምሶ፣ ግማሹን ጥሎ።

ደግሞ እኮ የአፍጋን ቅርስ አዳኝ ተብሎ በተሰበሰበው ልጅ መሀል አንድም አፍጋን አልነበረም! ቤንጋሊ አለ፣ ሶማሌ አለ፣ አይሪሽ አለ፣ ሁለት የሐበሻ ውሪዎችም አሉ። ሙሽራ የሌለበት ሰርግ ማለት ይሄ ነው። ከማለዲን እዚያ በር ላይ ቆሞ ምራቁን እየዋጠ ዝም ያለው ለልጁ ለሪሐብ ሲል ነው። ሪሐብ እዚሁ ለንደን ተወልዳ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ ሥዕል የምትማር ልጅ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ታሠራለች።

"የሰው አገር ቅርስ ከማዳንሽ በፊት ያባትሽን ቋንቋ ብታድኚ ምናለ?" ይላታል።

"አባቢ፣ ፕሊዝ፣ ዶንት ስታርት" ትለዋለች።

በዚህ መሀል ማርዚያ መጣች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከካቡል ነው የመጡት፤ ቤተሰቧ ስደተኛ በታጨቀበት ሆቴል ከርሞ ከርሞ ገና እዚህ እስቴት ፍላት ማግኘቱ ነው። ቤንጃሚን ሲያያት ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ከፊት ፎቶ አነሳት፣ ከጎን አነሳት፣ እጇን ብቻ ነጥሎ አነሳው። ልጅቱ ግን ጉዳይዋም አልነበረ። የሚያብለጨልጨውን ዱቄት ገፋ አድርጋ እርሳስ ጠየቀችና መሣል ጀመረች። የአያቷን ግቢ ሣለች። ምንጣፍ ላይ ጨርቅ ተዘርግቷል፣ ቤተሰቡ ዙሪያውን ተቀምጧል፣ መሀል ላይ ሐብሐብ ይቆረጣል። ሌሎቹ ልጆች ቤንጃሚን ያባዛላቸውን ወረቀት ነበር የሚገለብጡት። እሷ የሣለችው የምታውቀውን ነው።

በሳምንቱ ሥዕሉ፣ ቤንጃሚን የልጆቹን ሥራ ለእንግዶች ሊያሳይበት ያሰበው ኤግዚቢሽን ፖስተር ላይ ወጣ። ማርዚያም በኤግዚቢሽኑ ዕለት ሥዕሏ አጠገብ ቆማ ማን ማን እንደሆነ ለእንግዶቹ እንድትናገር፣ ካቡል ያለችው አያቷም በስልክ እያየች እንድትሰማ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲያ ልጅቱ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሪሐብን ጓዳ ይዛት ትገባና ንግግሯን ታጠናለች። አያቷ በሕይወት እያለች ይሄንን ታያለች ብላ ስንቱን ቀን ጠበቀችው።

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው በሰላምታ ነው። ከማለዲን በሩ ላይ ወለል እየወለወለ፣ ማርዚያ እየሮጠች ገባች፤ ስታየው ቀጥ ብላ ቆመችና እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

"ሰላም ካካ!" አለችው።

ከማለዲን ጆሮውን አላመነም። ካካ? በአማርኛ ካካ ምን እንደሆነ ለማን ይነገራል? ልጅ አዝሎ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል። እሱ ተሳስቼ ሰምቼ ይሆናል ሲል፣ ወረቀት የሚቆርጡት ሁለቱ የሐበሻ ውሪዎች "ካካ አለችው! ጋሼን ካካ አለችው!" ብለው መሬት ላይ ተንከባለሉ። ማርዚያ ደግሞ እነሱ ሲስቁ አይታ እሷም ፈገግ አለች። ያቺ ፈገግታ ናት ሰውየውን የጨረሰችው።

የዚያን ቀን ዋጠው። ልጅ ናት አለ። የሚቀጥለው ቅዳሜ መጣችና "ካካ፣ በሩን ትከፍትልኛለህ?" አለችው በእንግሊዝኛ። ከፈተላት። ስትገባ ዞር ብላ "ካካ ጃን!" አለችው፣ ጥርሷን ብልጭ አድርጋ።

ጃን! ካካው ሳያንስ ጃን! ከማለዲን የድሮ ሰው ነው፤ ጃን ማለት ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ጃንሆይ ስንል፣ ጃንሜዳ ስንል ያደግን ሰዎች ነን። ታላቁ ካካ መሆኑ ነው! የካካዎች ንጉሠ ነገሥት! አስተግፊሩላህ! ጠዋት ማታ ጋሼ ጋሼ ሲባል የኖረ ሰው፣ በስተርጅና አንዲት ፍልፈል የምታህል ልጅ በዚህ ማዕረግ ትሾመው? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ አለ። ይሄ በቤቷ የተመከረበት ንቀት ነው ብሎ ደመደመ።

ለሪሐብ ቢነግራት ነገሩ እዚያው ባለቀ። ግን አባት የሆነ ሰው ለሴት ልጁ "ካካ ተባልኩ" ብሎ እንዴት ይናገራል? አፉ ላይ አልወጣ አለው። ስለዚህ ሄዶ ሄዶ ለሚንቀው ሰው፣ ለቤንጃሚን ኮምፕሌይን አደረገ።

"ያቺ የአፍጋን ልጅ ትሰድበኛለች።"

"ምን ብላ?" አለ ቤንጃሚን፣ ቡናማ ጢሙን እያሻሸ።

"የማይነገር ነው። የሽንት ቤት ቃል ነው። ልጆቹም ሰምተው ስቀውብኛል።"

የቤንጃሚን ፊት እንደ ሻሽ ነጣ። ሰው ከሆነ ልጅቱን ጠርቶ ምን አልሽ ይላታል። ሪሐብን ይጠይቃል። ቢያንስ ቢያንስ ቃሉ ምንድነው ብሎ ያጣራል። የለም! ሰፈሩን የሚያስተዳድረው ካውንስል ይሰማል፣ ሆሉን እነጠቃለሁ፣ ስሜ ይጠፋል ብሎ ለራሱ ፈራ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ "ከማል፣ እዚህ ደህንነትህ የተጠበቀ ነው" አለው። ሱዳንን በጨለማ ያቋረጠ ሰው ከዘጠኝ ዓመት ልጅ ተጠበቀ፤ እሰይ! ከማለዲን ግን የዚያን ቀን ይሄ ሁሉ አልታየውም። አንገቱን ነቅንቆ "ታንክ ዩ" ብሎ ወጣ።

በማግስቱ ቤንጃሚን ለማርዚያ አባት ደወለለት። ልጅዎ ለሠራተኛ የማይገባ ቃል ስለተናገረች ኤግዚቢሽኑ እስኪያልፍ ፖዝ ተደርጋለች አለው። ፖዝ! እንደ ቴፕ ክር። በአፍጋን ቅርስ ማዳኛው ውስጥ የነበረችውን አንዲት አፍጋን አስወጥቶ የሱፍ ቆቡን አስተካክሎ ሥራውን ቀጠለ። ሥዕሏን ግን ፖዝ አላደረገውም። እሱ ፖስተር ላይ ነው፣ መንገዱ ሁሉ ላይ ተለጥፏል።

ለኤግዚቢሽኑ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ከሰዓት፣ አባትና ልጅ ሥዕሎቹን ሲሰቅሉ ዋሉ። ከማለዲን መሰላል ላይ ነው፤ ሪሐብ ከታች ታቀብለዋለች። የማርዚያ ሥዕል ሲደርስ ከሥሩ የሚለጠፈውን ካርድ አየችና ከንፈሯን ነከሰች። "ተሳታፊ፣ ዕድሜ ዘጠኝ" ይላል። ስም የለውም።

"ስሟን እንኳን አልጻፈውም። ለምን ተባረረች ስለው ኮንፊደንሻል ነው ይለኛል። ሺ ኢዝ ናይን!"

"ደግ አደረገ። የስድ ልጅ ስም ግድግዳዬ ላይ አይለጠፍም" አለ ከማለዲን ከላይ ሆኖ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ሪሐብ ቀና ብላ አየችው። "አባቢ፣ አንተ ነህ እንዴ? አንተ ነህ ሪፖርት ያደረግካት?"

"ብትሰድበኝስ!"

"ማርዚያ? ምን አለችህ?"

ከማለዲን ዙሪያውን አየ። ጣሪያውን አየ። ከመሰላሉ ሁለት ደረጃ ወረደና በሹክሹክታ ነገራት። "ካካ አለችኝ። አንዴ አይደለም፣ በመጣች ቁጥር። ጃንም ጨምራበታለች።"

ሪሐብ መጀመሪያ አፏን ያዘች። ከዚያ ሳቋ ፈንድቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አባቷ ምን ያስቅሻል ሊል አፉን ሲከፍት፣ ሳቁ ፊቷ ላይ ደረቀ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

"አባቢ፣ ካካ ማለት አንክል ማለት ነው። ያባት ወንድም። የማያውቁትን ትልቅ ሰውም እንደዛ ነው የሚሉት፣ ለሪስፔክት። ልክ እንደ ጋሼ! ጃን ደግሞ የኔ ውድ ማለት ነው።" ሥዕሉን አነሳችና አፍንጫው ሥር ደቀነችው። ሐብሐቡን የሚቆርጠውን፣ ከሁሉም የሚበልጠውን ሰውዬ በጣቷ ነካች። "ይኸው፣ ካካዋ። እዛ የቀረው። ንግግሯን ስናጠና 'ዚስ ኢዝ ማይ ካካ' ስትል ስንቴ ሰማኋት መሰለህ? አንተን 'ካካ ጃን' ስላለችህ አስባረርካት!"

ከማለዲን መሰላሉ ላይ ቀረ። ያ ሁሉ ኩራት፣ ያ ሁሉ "ጋሼ በሉኝ"! ዕድሜውን ሙሉ ሲጠይቅ የኖረውን ክብር አንዲት ልጅ ሳትጠየቅ በነጻ ስትሰጠው፣ አሽትቶ እበት ነው ብሎ ጣለው። ቤንጃሚንን ሲንቅ የከረመ ሰው ራሱን ለመናቅ ጊዜ አልፈጀበትም። "እኔ ነኝ ካካው፣ ወላሂ እኔ ነኝ" አለ።

ወርዶ በቀጥታ ወደ ቤንጃሚን ሄደ። ቤንጃሚን ወጥ ቤቱ ውስጥ የእንግዶቹን ብርጭቆ እየደረደረ ነበር።

"ተሳስቻለሁ። ልጅቱ አልሰደበችኝም። ነገ ትምጣ።"

ቤንጃሚን አንገቱን ዘንበል አደረገ። "ከማል፣ ወዳጄ፣ ይገባኛል። የተበደለ ሰው ብዙ ጊዜ ክሱን መተው ይፈልጋል። ምናልባት ተጽዕኖ ደርሶብህ ይሆናል።"

"ማንም አልነካኝም! እኔ ነኝ የተሳሳትኩት!"

"ጉዳዩ ሪፖርት ተደርጓል። የሴፍጋርዲንግ፣ የደህንነት ጥበቃው ስብሰባ የሚቀጥለው ወር ነው። ያኔ አንስተን እንወያይበታለን።"

ከማለዲን ቆቡን ትክ ብሎ አየው። "እስቲ ልጠይቅህ። ካካ ማለት ምን ማለት ነው?"

ቤንጃሚን ዓይኑን ጨፈነ። "ቋንቋ እንደ አገባቡ ነው" አለ።

ከማለዲን በአማርኛ አንድ ነገር ብሎት ወጣ። የተባለውን እዚህ ማንሳት አያስፈልግም፤ አገባቡ ግን ትክክል ነበር።

የማርዚያ ቤተሰብ የሚኖርበት ፍላት ከሆሉ ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩን የከፈተው አባትየው ነው፤ በሞተር ምግብ ያመላልሳል፣ የሥራ ጃኬቱን እንኳን አላወለቀም። ከማለዲንን ሲያይ ቀለሙ ተለወጠ። ቁልፍ የያዘ ሰው በር ላይ ሲያይ ቤቱንም ሊቀሙን መጡ ሳይል አልቀረም። ከማለዲን ይቅርታ ሊል አፉን ከማላቀቁ በፊት እሱ ይቅርታ መለመን ጀመረ።

"ሰር፣ ነግሬያታለሁ። በጣም ነው የተቆጣኋት። ሁለተኛ አይለምዳትም። ችግር አንፈልግም ሰር፣ እባክዎ። ቤቱ ገና አሁን ነው የተሰጠን።"

"ስማኝ ወንድሜ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ቃሉ በኔ ቋንቋ ሌላ ነው። እኔ ነኝ ያልገባኝ።"

"አዎ ሰር። ልክ ነዎት ሰር። እዚህ አገር የኛን ቃል መናገር ጥሩ አይደለም፤ ሰው በመጥፎ ይተረጉመዋል። ለሁሉም 'ሰር' በይ ብያታለሁ። ቤት ውስጥም ጭምር፣ እንድትለምደው።"

ማርዚያ ካባቷ ጀርባ ብቅ አለች። እጇ ደረቷ ላይ አልወጣም፤ ሁለቱም ከጎንና ከጎኗ ተጣብቀዋል። "ሶሪ፣ ሰር" አለች።

ከማለዲን ነገ ልጅቱን ይዘህ ና አለው አባትየውን። ሚስተር ቤንጃሚን ከልክሏል ሲለው፣ "የሆሉን በር የሚከፍተው ሚስተር ቤንጃሚን አይደለም" አለ። አባትየው እሺ አለ። እሺ ያለው አምኖ ይሁን ፈርቶ፣ ከማለዲን መለየት አልቻለም።

ቅዳሜ እንግዶቹ መጡ። ሽቶ የተቀባው፣ የበፍታ ሸሚዝ የለበሰው፣ ከካውንስሉም ሁለት ሴትዮዎች። የካርቶኑን መስጊድ እያዩ "ዎንደርፉል!" ይባባላሉ። አንዱማ የሶማሌውን ልጅ "ካቡል ትናፍቅሃለች?" ብሎ ጠየቀው፤ ልጁ የተወለደው ኪንግስ ክሮስ ነው። ቤንጃሚን መሀል ገብቶ ዓይኑን ጨፈነና ንግግር አደረገ። አንድ ልጅ የአያቱን አንድ ቃል ሲረሳ የአንድ ሕዝብ መብራት ይጠፋል አለ። ሴትዮዎቹ እንባቸውን ጠረጉ።

በዚያን ጊዜ ከማለዲን የጎኑን በር ከፍቶ ማርዚያንና አባቷን በሰው ሁሉ ፊት ይዟቸው ገባ። ይከለክለኛል ብሎ ለጠብ ተዘጋጅቶ ነበር። ቤንጃሚን ግን እንግዶቹ ልጅቱን እንዳዩ ባየ ጊዜ ፈገግታውን ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ እጁን ዘርግቶ "የኛዋ ማርዚያ!" አለ። እፍረት የሚባል ነገር እናቱ ማህፀን ውስጥ ትቶት የመጣ ፍጡር!

ማርዚያ ሥዕሏ አጠገብ ቆመች። አባቷ ስልኩን ሰጣት፤ አያቷ የስልኩ መስኮት ውስጥ፣ ነጭ ነጠላ ተከናንባ፣ ካሜራው ላይ ተጠግታ ትታያለች። ሪሐብ ከፊት ሆና አይዞሽ በሚል ራሷን ነቀነቀችላት። ልጅቱ ጀመረች። ይሄ የአያቴ ግቢ ነው አለች። ይቺ አያቴ ናት፣ ይሄ አባቴ ነው። ጣቷ ሐብሐብ ቆራጩ ጋ ሲደርስ ቆመ። አባቷን አየችው። ከማለዲንንም አየችው።

"ዚስ ኢዝ ማይ... አንክል" አለች።

ከስልኩ ውስጥ የአሮጊቷ ድምፅ ወጣ። ልጅቱ የረሳች መስሏት፣ ልታስታውሳት። "ካካ!" አለች አያትየዋ ጮክ ብላ። "ካካ!"

ሁለቱ የሐበሻ ውሪዎች ክትክት ብለው ሳቁ። ማርዚያ ፊቷ ቀላ፤ አውራ ጣቷን አንቀሳቅሳ የአያቷን ድምፅ ዘጋችው። አሮጊቷ ድምፅዋ እንደተዘጋ አላወቀችም መሰለ፤ መስኮቱ ውስጥ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ያንኑ ቃል ትደጋግማለች።

ከማለዲን ሰዉን ገፍትሮ ወደፊት ወጣ፤ ልጅቱ ፊት ተንበረከከ፤ ጉልበቱ ሲንቋቋ ተሰማ። "ክፈቺላት የኔ ልጅ። ካካ በይ። እኔንም ካካ በይኝ፤ ካካ ጃን በይኝ፣ ደስ ይለኛል" አለ፣ እንግሊዝኛው እየተሰባበረ። ውሪዎቹ ጋሼ ራሱ ካካ በሉኝ አለ ብለው ጣሪያውን በሳቅ ነቀሉት።

ማርዚያ አባቷን አየች። አባቷ ራሱን በቀስታ ወዘወዘ።

"አይፈቀድልኝም፣ ሰር" አለችው።

ቤንጃሚን እጁን ደረቱ ላይ አደረገና አንገቱን ሰበረ፤ ከዚያ ከሁሉም ቀድሞ ማጨብጨብ ጀመረ።